«ክንዴ ጀርመን ገብቷል!»

«አቁሙ! ለቅሶውን አቁሙ! ክንዴ አልሞተም!»

የሀይማኖት ጩኸት ነው…

እንጅባራ፣ እናቷ ደጅ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ሙሾ አውራጇ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ፈረሱ ተሸልሞ ቆሟል። አስከሬን የለማ! ወንድሟ ክንዴ የቀረው በስደት መንገድ፣ በረሃ ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ኮርቻው ላይ አስረው ነበር የሚያለቅሱለት።

መርዶውን ያመጣው አብሮት የተሰደደው ይሄነው ነው። «በእጄ አሸዋ አልብሼዋለሁ» ብሎ ምሎ ነገራቸው።

ታዲያ ሀይማኖት ምን አይታ ነው የጮኸችው?

ክንዴ ሲሄድ ሲም ካርዱን ለእናቱ ለእማማ በቀለች ትቶላቸው ነበር። እሳቸውም «የልጄ ቁጥር ነው» ብለው ስልኩን ከጉያቸው አይለዩትም። በለቅሶው መሀል ያ ስልክ ጮኸ…

ሀይማኖት ተቀብላ አየችው። ከፌስቡክ የመጣ መልእክት ነው። የክንዴ አካውንት ዛሬ ጠዋት ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን ተከፍቷል ይላል።

እርግጥ እሷም የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች። ለፈረሱ የሚሆነውን ፎቶ ጠዋት በራሷ ስልክ ያወጣችው ከዚያው አካውንት ነው። ግን እሷ ያለችው እንጅባራ! ጀርመን ምን ወሰዳት?

«ከእሱ በቀር ማን ይከፍተዋል?» አለች ስልኩን ለለቀስተኛው እያሳየች።

በቃ! ድንኳኑ ፈረሰ። እማማ በቀለች ጥቁራቸውን አውልቀው ጣሉ። ይሄነውን «አፈር ብላ! ልጄን በቁሙ ቀበርከው!» ብለው ረገሙት። ምስኪን… አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

የነፍስ አባታቸው «በቀለች፣ ልጁ ሞቶ ከሆነ ነፍሱ ፍትሐት ትጠብቃለች» ቢሏቸው፣

«ለቆመ ሰው ፍትሐት? ሟርት ነው አባ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያስፈራል…

ሀይማኖት «ለሰው ጽፎ ይሆን?» እያለች የወንድሟን አካውንት ትከፍታለች። አንድ ቃል የለም። አንድ ፎቶ የለም። ገና ዘግታ ሳትጨርስ ግን የእናቷ ስልክ ይጮሃል።

ጀርመን።

ሌላ ቀን ደግሞ ሆላንድ።

«ይዞራል ልጄ፣ እግሩ አያርፍም» ይላሉ እናት በደስታ።

ሀይማኖትን ግን ፍርሃት ይወርራት ጀመር። ልክ እሷ ስትገባ እሱም ይገባል… እሷ ስትወጣ ይጠፋል። ከኋላዋ የቆመ እየመሰላት ዞር ዞር ትላለች።

«ክንድዬ፣ አለህ? ለምን ዝም ትለኛለህ? ተቀየምከኝ እንዴ?» ትላለች ለስልኩ።

እማማ በቀለች ጥጥ እየፈተሉ…

«ሀይሚ፣ ጀርመን ከእንጅባራ ይበርዳል?»

«ይበርዳል አሉ እምዬ።»

«እንግዲያ ጋቢው ወፈር ይበል።»

አንድ ቀን የሀይማኖት ስልክ ባትሪ አልይዝ አላት። ዳንግላ ወደ ስልክ ጠጋኙ ባንተአምላክ ሱቅ ወሰደችው፤ ድሮም ቫይረስ ያጸዳላት እሱ ነው።

ነካካና፣

«ውይ ሀይሚ! ይሄ ቪፒኤን ሁልጊዜ በርቶ ነው እንዴ የሚውለው?»

«የምን ቪፒኤን?»

«ረሳሽው? አንቲቫይረሱን ስጭንልሽ አብሮት የመጣው ነዋ! ‹ይብራ ወይስ ይቅር?› ብልሽ ‹ነፃ ከሆነ ይብራ፣ ምን ከፋኝ› አላልሽኝም?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሥራው ምንድነው?»

«ያለሽበትን ቦታ ይደብቃል። መስመርሽን በሌላ አገር ያዞረዋል። አሁን አንቺ ዳንግላ ነሽ አይደል? ኢንተርኔቱ የሚያይሽ ግን…» ስክሪኑን አዞረላት። «ይኸው፣ ጀርመን!»



«አጥፋው» አለች።

አጠፋው። እሷም ማረጋገጥ ፈልጋ እዚያው ቆማ የክንዴን አካውንት ከፈተች… ዘጋችው… ሚኒባስ ተሳፈረች።

አዲስ ቅዳምን ሲያልፉ እንባዋ አመለጣት። ወንድሜን አገኘሁ ብላ የራሷን ዱካ ስትከተል ነው የከረመችው! በእጁ የቀበረውን ልጅ ረግመው አባረሩት። የክንዴ ነፍስ ደግሞ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ለቅሶ ቀረች…

«ዛሬ እነግራታለሁ። የመጣው ይምጣ» አለች በልቧ።

እንጅባራ መናኸሪያ ስትወርድ…

እልልታ!

ጎረቤታቸው ያለምወርቅ ነበረች። አጠገቧ እማማ በቀለች አዲሱን ጋቢ ታቅፈው ቆመዋል።

«ሀይሚ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ቅድም መልእክት መጣ! እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው! ‹አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ› ይላል! አገሩ ገባ እኮ!»

ዳንግላ ላይ የከፈተችው ነው። ቪፒኤኑ ሲጠፋ አገሩ በትክክል ተመዘገበ… ከተማውን ኔትወርኩ አዲስ አበባ አለው።

እናት በትከሻዋ አሻግረው ወደ ሚኒባሱ ያያሉ።

«አብሮሽ መጣ? የታለ?»

«እምዬ… እኔ ነኝ።»

«አንቺንማ መች አጣሁሽ! እሱ የታለ?»

«ጀርመንም የነበርኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባም የገባሁት እኔ ነኝ… ክንዴ የለም እምዬ።»

እማማ በቀለች አልሰሙም። ወይም ሊሰሙ አልፈለጉም። ልጃቸውን ገፋ አድርገው፣ ጋቢውን ዘርግተው፣ ቀጥሎ ወደገባው ሚኒባስ ሄዱ።

ወገን…

«ከአንቲቫይረስ ጋር የመጣውን ቪፒኤን ልጠቀምበት?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። ተጠቀሙም፣ ተዉትም አልላችሁም። በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ግን ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ በየት በኩል እንደሚያዞራችሁ ሳትጠይቁ፣ ነፃ ስለሆነ ብቻ አታብሩት። ደግሞ ልባችሁ የሚመኘውን ወሬ ስልክ ሲነግራችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ሰው ጠይቁ። ሀይማኖት ቀድማ ብትጠይቅ ኖሮ እኚያ እናት አንዴ አልቅሰው በወጣላቸው ነበር።

እስኪ ፍረዱ…

እናንተ ሀይማኖትን ብትሆኑ፣ እናታችሁን ተከትላችሁ ደግማችሁ ትነግሯቸው ነበር… ወይስ ቪፒኤኑን መልሳችሁ ታበሩት ነበር?