ማገጃውን አውጣልኝ

ፊሊጶስ ናይሮቢ ውስጥ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የመንገድ ደኅንነት አማካሪ ነው። ስለ ፍጥነት አደገኛነት በሰባት አገሮች እየዞረ ገለጻ ሰጥቷል። አርባ ዘጠነኛ ዓመቱን ባከበረ በሳምንቱ ግን ኢስትሊ ሄደና አንዲት ቀይ ትንሽ የስፖርት ሞተር ሳይክል ገዛ።

ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክበው፣ «ይቺ የለማማጅ ናት፤ ኃይሏን የሚይዝ ማገጃ አላት። እሱን ቢያስወጡላት አውሮፕላን ትሆናለች» አለው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ አደባባይ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ትከሻው ወለቀ። ባለቤቱ ሠርክ፣ ሆስፒታል ውስጥ አልጋው አጠገብ ሦስት ቀን ተቀመጠች። አልተቆጣችውም። እሱን የከበደውም ይኼው ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ «ሽጣት አልልህም» አለችው። «እንዲህ ደስ ብሎህ ካየሁህ ስንት ዓመቴ። ቀስ ብለህ እንደምትነዳ ብቻ ማልልኝ።»

ማለ።

እሱ ኪሌሌሽዋ ቤቱ ተኝቶ ሲያገግም፣ የተጎዳችውን ሞተር ያስጠገነችው ሠርክ ራሷ ናት፤ ፓርክላንድስ፣ የእሷን መኪና የሚሠራው መካኒክ ራጃ ጋ ወስዳ።

ፊሊጶስ አልጋው ላይ ሆኖ የአደጋውን መንስኤ በሙያ ዓይን መረመረ። የደረሰበት ድምዳሜ አጭር ነበር፦ የወደቀው ፍጥነት አንሶት ነው። ጥፋቱ የማገጃው ነው።

ትከሻው እንደዳነ፣ ሠርክ ሥራ በሄደችበት ቀን ራጃ ጋ ሄደ።

«ማገጃዋን አውጣልኝ» አለው። «ሠርክ ግን እንዳትሰማ።»

ራጃ ጎንበስ ብሎ ሞተሯን ብዙ ጊዜ ወስዶ አያት። ከዚያ «አንዴ ስልክ ልደውል» ብሎ ወደ ጓሮ ገባና ተመለሰ። «የምገዛው ዕቃ ስላለ ነገ ይምጡ፣ ቦስ።»

በማግስቱ ሞተሯ ስትነሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ፊሊጶስ ድምፁን ሲሰማ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «አሁን ገና ተነፈሰች» አለ።

ዋያኪ ዌይ ላይ ሁለት ሰውና አንድ ፍራሽ የጫነ ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ቀደመው። እሱም ማገጃውን አስወጥቶ መሆን አለበት ሲል አሰበ፤ ጉዳዩ ጥናት እንደሚያስፈልገው በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ። ቢሮው ለመድረስ ድሮ ሃያ ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሆነ። የናይሮቢ ትራፊክ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ መሄዱንም ጻፈ።

የጨነቀው የሠርክ ነገር ነው።

«ሰሞኑን የሞተርህ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል» አለችው አንድ ምሽት። «ምን አስደርገህባት ነው?»

«የጭስ ማውጫው ነው» አለ ሳህኑን እያየ።

ወጥ ጨመረችለት።

ቅዳሜ ደግሞ፣ «መኪናዬን ራጃ ጋ ልወስድ ነው» ብላ ተነሣች። ፊሊጶስ ገና ከበር ሳትወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ስልክ ደወለ።

«እየመጣችልህ ነው። ቃል ገብተህልኛል።»

«የደንበኛ ምስጢር ከእኔ አይወጣም፣ ቦስ።»

ሠርክ ስትመለስ አዲስ የቆዳ ጓንት ገዝታለት መጣች። «እጅህን እንዳይበርድህ» አለች። ፊሊጶስ ጓንቱን ይዞ ቆመ። ያኔ ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ የሞተሯ ድምፅ ትዝ አለውና ዘጋው። እሷ ግን ደኅና እንቅልፍ መተኛት ጀምራለች፤ ከሥራ ሲዘገይም እንደ ድሮው በረንዳ ላይ ቆማ አትጠብቀውም። ምስኪን፣ ምንም አታውቅም፣ ብሎ አዘነላት።

ሰው የለመደው ፍጥነት አይበቃውም። ወሩ ሳያልቅ ፊሊጶስ ራጃ ጋ ተመለሰ።

«ሌላ የሚወጣላት ነገር የለም?»

ራጃ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «አንድ አለ» አለ በመጨረሻ። «ሁለተኛ ማገጃ። ግን እርግጠኛ ነዎት? ባለቤትዎ አንድ ነገር ቢሆኑባት...»

«እሷን ለእኔ ተዋት።»

በዚያው ቀን ከሰዓት ፊሊጶስ አዲሱን ጓንት አጥልቆ፣ ደረቱን የነዳጅ ታንኩ ላይ አስተኝቶ፣ መንገዱን ሁሉ እያናወጠ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወደ ኪሌሌሽዋ በሚያወጣው ዳገት ላይ ከኋላው ለደረሰበት አንድ ሯጭ መንገድ ለቀቀለት። ኃይል ያለው ሰው ትሕትና ያምርበታል ብሎ አሰበ።

ሠርክ ድምፁን ከሩቅ ሰምታ ሻይ ጣደች፤ እስኪደርስ ጊዜ ስለነበራት ከራጃ የመጣላትን መልእክት ከፍታ አነበበች።

«ማዳም፣ ስንጀምር አንድም ማገጃ ላልነበራት ሞተር ዛሬ ሁለተኛውን ገጠምኩላት።»