የማክሰኞ ፍጥነት

ሆስፒታሉ አዲሱን ሶፍትዌር ካስገባ ወዲህ ካርድ ክፍሉ ቀጥ ብሏል። ድሮ ወዲያው ይወጣ የነበረው የታካሚ ፋይል አሁን አራት ደቂቃ ይፈጃል። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ላይ ደርሷል።

ሥራ አስኪያጁ ጥፋተኛውን ለማወቅ ብዙ አልደከመም። እሱ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም ደፍሮ የሚነግረው የለም። ሶፍትዌሩ የገባ ዕለት ቢሮው ውስጥ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ያለው ኮምፒውተር አስገጥሟል። የሆስፒታሉን የሃያ ዓመት ፋይል ሁሉ ከሰርቨሩ እየጠራ፣ በየሰከንዱ ከአንድ ጀምሮ እየቆጠረ ድምሩን ያሳያል። እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ወደዚያ ያዞርለታል። ቆጣቢም ነው፤ ከግቢ ሲወጣ ቢሮው ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ይቆልፋል።

"ሴትዮዋ ናት" አለው የዳታቤዝ ባለሙያውን። "ሶፍትዌሩን ጠልታዋለች። ሆን ብላ ነው የምታንቀራፍፈው።"

ሴትዮዋ ካርድ ክፍሉን ሃያ ዓመት የያዘች፣ ለጡረታ ስምንት ወር የቀራት ሠራተኛ ናት።

"ጋሼ፣ ሰርቨሩ እኮ ሥራ በዝቶበት ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር የተጨመረ ነገር አለ?"

"ምንም! ይልቅ ይህን እይ።"

ወረቀት ዘረጋለት። ማክሰኞ ማክሰኞ ፋይሉ እንደ ድሮው ፈጥኖ ይወጣል። ማክሰኞ የሴትዮዋ የእረፍት ቀን ነው።

"ምናልባት አጋጣሚ ቢሆንስ?"

"አጋጣሚ አልወድም" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ማክሰኞ ሙሉ ቀን ዋና መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ እየዋልኩ እንኳ ነቄ ነኝ። እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ አላያችሁም።"

ባለሙያው ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። ደመወዝ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሴትዮዋ የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት።

"ኧረ ስለ እናትዎ! ስምንት ወር እኮ ነው የቀረኝ።"

"ሳታንቀራፍፊ በፊት ማሰብ ነበረብሽ።"

እስከ ግቢው በር ሸኛት። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ መውጣቷን በዓይኑ ለማየት ነው። ቁልፍ አስረክቢ፣ እዚህ ፈርሚ እያለ ግማሽ ሰዓት አቆማት። ሴትዮዋ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሄደች።

ሲመለስ ደረጃው ላይ ሰው የለም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ፋይሉ ስሙ ተጽፎ ሳያልቅ ይወጣል።

"አላልኩም?" አለ የባለሙያውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ። "ገና እግሯ ከመውጣቱ!"

የጽዳት ሠራተኛዋ የወለል ማጽጃ ማሽኗን እየጎተተች ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣች።

"ጌታዬ፣ ለማሽኔ ብዬ የትልቁን ኮምፒውተር ሶኬት ነቅዬው ነበር፤ መልሼ ልሰካው?"