ከሆቴል አልጋ የገባች ጎል

«ኳሷን ለመብረቅ ሲያቀብሉት ምን ተሰማዎት፣ አባቴ?» ትለኛለች የፕሮግራሙ አዘጋጅ፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፌ እየገፋች።

ትን ይለኛል። ሬዲዮ ላይ ትን ሲልህ ደግሞ አገር ይሰማሃል። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ የዚያን ዘመኑ ኮሜንታተር፣ ፊታቸው ያለውን ባዶ ወረቀት ማገላበጥ ይጀምራሉ።

እኔ ለመብረቅ ኳስ አላቀበልኩም። አጥቂያችን መብረቅ ሜዳ ውስጥ አልነበረም! በዚያ የአህጉሩ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ቀን ከጧት ጀምሮ ትኩሳት ይዞት፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ ተደርጎለት ሆቴል ተኝቶ ነበር። አሰልጣኙ የእሱን ስምንት ቁጥር ማሊያ ለእኔ ለተጠባባቂው ወረወረልኝና «ሽቦ፣ ዛሬ ያንተ ቀን ነው» አለኝ። ቅጥነቴን አይተው ነው ሽቦ ያሉኝ። ዛሬ ቦርጫም የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ስሙ ግን አልለቀቀኝም።

እኚህ ጋሼም ቢሆኑ ስታዲየም አልነበሩም። ያኔ ጨዋታው በቴሌቪዥን አይተላለፍም፤ ከቡድኑ ጋር የሄደው አንድ ዘጋቢ ብቻ ነው። እሱ ከስታዲየሙ በስልክ ይጮሃል፤ ጋሼ እዚሁ ስቱዲዮ ቁጭ ብለው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ የሰሙትን አሳምረው ለሕዝብ ያወራሉ። የተመልካቹ ሆይታ ሳይቀር ከሌላ ጨዋታ የተቀዳ ካሴት ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር ዘጋቢው ቁጥር ብቻ መጥራት ጀመረ፤ «ሰባት! ስምንት! ገባ!» ጋሼ ፊት የነበረው ደግሞ በዋዜማው የተላከ የስም ዝርዝር ነው። ስምንት ቁጥር፣ መብረቅ። አለቀ። ኋላ እኔም ሜዳ ውስጥ እንደነበርኩ ሲሰማ አቀባይ አደረጉኝ።

ስንመለስ አየር ማረፊያው በሰው ጢም ብሎ ጠበቀን። በፍጻሜው አራት ለባዶ መቀጥቀጣችንን ያነሳ የለም። መብረቅን ትከሻ ላይ አወጡት። እጁን ሲያወዛውዝ አይቻለሁ፤ «እኔ አይደለሁም» ማለቱ ነበር፣ ሕዝቡ ሰላምታ መሰለው። በማግስቱ ግን እሱም ራሱ ሰላምታ አደረገው፤ ነፍሱን ይማረው። አሰልጣኙ ዘንድ ሄጄ ብጮህ «ጎል የቡድን ነው» አለኝ። የቡድን ከሆነ አደባባዩ ለምን በአንድ ሰው ስም ተሰየመ? በዚያ አደባባይ ነው በየቀኑ የቧንቧ ዕቃዬን ተሸክሜ የምዞረው።

ይሄ ሁሉ ይቅር። ባለቤቴ ያን ቀን ከጎረቤቱ ጋር ሬዲዮ ከብባ ሰምታለች። ቤት ገብቼ «ጎሏን ያገባኋት እኔ ነኝ» ስላት ዓይን ዓይኔን አይታ፣ «ይሁን፣ እሺ» አለችኝ። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ ልጆች ስንወልድ ገባኝ፤ እንደዚያ «እሺ» የምትለው ልጆቹ ሲዋሿት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነው።

«እንግዳችን ስሜት ውስጥ ገብተዋል» ትላለች አዘጋጇ ወደ ማይክሮፎኑ። «እስከዚያው ያቺን የማትረሳ ጎል እናዳምጥ።»

ካሴቱ ይጀምራል። ከበሩ በላይ ያለው ቀይ መብራት ይጠፋል፤ ድምፃችን ከዚህ ክፍል አይወጣም ማለት ነው። እሷ ከመስታወቱ ጀርባ ካለው ቴክኒሻን ጋር በምልክት ታወራለች።

«ጋሼ» እላለሁ። «ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በተመለሳችሁ በሳምንቱ። ዘጋቢው ሁሉንም ነገረኝ።»

ደሜ ይፈላል። «በሳምንቱ!»

«ምን ልበል ታዲያ? ሰው ልጁን መብረቅ ብሎ ሰይሟል። እኔስ? ሳያይ ያየ የመሰለ፣ ዝናቡን ከኪሱ ያዘነበ ሰውዬ ልባል?»

«ዝናብ እኮ አልነበረም! ጠራራ ፀሐይ ነበር!»

«ለሬዲዮ ዝናብ ያምራል» ይሉኛል፣ ቀስ ብለው። ልስቅም ልመታቸውም ይቃጣኛል።

«ጋሼ፣ እኔ ብናገር ቅናት ነው ይሉኛል። የሚታመነው የእርስዎ ድምፅ ነው። አደባባዩን አልፈልግም፤ ለመብረቅ ይሁንለት። ባለቤቴ አሁን ሬዲዮዋን ከፍታ ቁጭ ብላለች። ለእሷ ብቻ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ይጨፍኑና መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ የማይታይ ስልክ የያዙ ይመስላሉ። ሰማንያ ዓመት የሞላው ድምፅ በአንዴ ወጣት ይሆናል። «ሰባት ቁጥር ለስምንት... ሽቦ ነው! ሽቦ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ በግራ እግሩ... ገባ! ገባ! ሽቦ!»

በግራ እግሬ መሆኑን እንኳ ያውቃሉ። ያን ሁሉ ዓመት ይህን ሁሉ ደረታቸው ውስጥ ቆልፈው ኖረዋል! ቀና ብዬ አያለሁ፤ መብራቱ እንደጠፋ ነው። የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ካሴቱ ያልቃል። ቀዩ መብራት ይበራል።

«ጋሼ፣ ያንን ድምፅዎን ከስንት ዓመት በኋላ ሲሰሙት ምን አሉ?» ትላለች አዘጋጇ እየሳቀች።

ከሳቸው ቀድሜ ማይክሮፎኔን ከመቆሚያው ጋር አነሳዋለሁ፤ ጠረጴዛውን አሻግሬ አፋቸው ሥር አስቀምጠዋለሁ።

«አሁን ይድገሙት» እላለሁ።

ሽማግሌው መብራቱን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። መዳፋቸው ወደ ጆሯቸው መነሳት ይጀምራል።