ከሐኪም ጋራ ሥር የጠፋው ጄኔሬተር

መጀመሪያ የጠፋው የጋዝ ምድጃ ነበር። ቀጥሎ ሁለት ድንኳን ከነከረጢታቸው ጠፉ። ሰዐዲያ ሦስተኛውን ስርቆት ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። በያጅ ጠርታ ወፍራም የብረት ሣጥን አሠራችና ከሐረር ከተማ በላይ ከሚታየው ተራራ ከሐኪም ጋራ ሥር ባለው የቱሪስት ካምፕዋ መሐል በሲሚንቶ አስተከለችው። ጄኔሬተሩ በሰንሰለት ታስሮ እዚያ ውስጥ ያድራል። በሆዱ ላይ ስሟን አስቀርጻበታለች።

ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ከዘበኛው ከአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ኪስ አይወጣም። ሌላውን ሰዐዲያ በከተማው ግንብ ፈላና በር አጠገብ ወዳለው ቤቷ ስትገባ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች።

ያንን ጄኔሬተር ለመግዛት ከእናቷ የወረሰችውን የግድግዳ ስፌት ሁሉ ሸጣለች። የሐረር ሰው ግድግዳው ሲራቆት ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ዘመድ ሲመጣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ባሏ ዐብዱኑር የሹፍርና ሥራውን ካጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቤቱን የያዘው ካምፑ ነው። ከአዲስ አበባ እንግዳ የሚልክላት አስጎብኚ ደግሞ ባለፈው ወር፣ ድንኳን ጎድሎ ሁለት ሰው መኪና ውስጥ ካደረ በኋላ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷታል። ቅዳሜ አሥራ አራት ሰው ይመጣል። በጄኔሬተሩ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ካልሠራ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነው።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የመኪና ኤሌትሪሺያን፣ ቃል የማያበዙ ሰው። ካምፑን የሚለቁት ምሳ ሊበሉ ወደ ቤታቸው ሲወርዱ ብቻ ነው፤ ያኔ ዐብዱኑር ይተካቸዋል። ዕቃ መጥፋት ከጀመረ ወዲህ ግን ሽማግሌው ሌላ ሰው ሆነዋል። ሰዐዲያን ሲያዩ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሰኞ ዕለት አጠገቧ መጥተው እንዲህ አሏት፦

"ልጄ፣ ቁልፉን ለውጪው። ለእኔም አትስጪኝ። ካንቺ እጅ አይውጣ።"

ያዩት ነገር ካለ እንዲነግሯት ለመነቻቸው። ምንም አላየሁም ብለው ሄዱ። ማታ ለዐብዱኑር ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ሌባ ከጥርጣሬ የሚያመልጠው አስቀድሞ መካሪ በመሆን ነው አላት፤ ቁልፉም ሳይለወጥ ቀረ።

ረቡዕ ጧት ሣጥኑን ስትከፍተው ባዶ ነበር። ሰንሰለቱ አልተቆረጠም፤ ቁልፉ አልተሰበረም። አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። እጇን ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ ጥግ ጥጉን ስትዳብስ ቆየች፤ ያ ሁሉ ብረት የሆነ ቦታ የተወሸቀ ይመስል።

ዐብዱኑር ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። እየሮጠ መጥቶ ሣጥኑን ራሱ ሁለት ጊዜ ከፍቶ አየ። ከዚያ ሰው ሲጠያይቅ ሳኒ የሚባለውን ባለባጃጅ አገኘ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አስጭነውት ገበያው ዳር እንደወረዱ ሳኒ ተናገረ። ሰዐዲያ ሽማግሌውን አስቀድማ ልታናግራቸው ፈልጋ ነበር። ዐብዱኑር ግን ክንዷን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዳት።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ተይዘው ሲቀርቡ አልካዱም።

"ወስጃለሁ" አሉ። "ቅዳሜ ጧት እንግዶችሽ ሳይደርሱ ይመጣልሻል።"

"ሌላውስ ዕቃ፣ አባባ?"

"ሌላውን አልነካሁም።"

የት እንዳለ አልተናገሩም። ለምን እንደወሰዱት ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፉ። ሌባ ሲያዝ ግማሹን ብቻ ነው የሚያምነው አለ ዐብዱኑር፤ መርማሪውም ተስማማ። ሽማግሌው እዚያው ታሰሩ።

በማግስቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ፈላና በር ድረስ መጡ። ሰዐዲያ ይግቡ አላለቻቸውም።

"እንደ አባቴ ነበር የማያቸው" አለቻቸው። "ቤቴን አፈረሱት።"

"እሳቸው ቤት አያፈርሱም፣ ልጄ" አሉ ሴትዮዋ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱ።

ሐሙስና አርብ ሰዐዲያ የሚከራይ ጄኔሬተር ፍለጋ ከተማውን አካለለች። የሠርግ ሰሞን ነበር፤ ያለው ሁሉ ተይዟል። ዐብዱኑር የከሰዓቱን የጫት በርጫ እንኳ ትቶ ሁለት ጊዜ ጣቢያ ተመላለሰ። የት እንደደበቁት ብቻ ቢነግሩት ክሱን እንደሚያስተው ቢምልላቸውም ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አርብ ከሶላት በኋላ ሰዐዲያ እንግዶቹ እንዲቀሩ ልትነግር ወደ አስጎብኚው ደወለች። ስልኩ ሲነሳ ግን ዘጋችው። ባዶው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ፣ ያ አላህ፣ ያ አላህ፣ ስትል መሸ።

ቅዳሜ በማለዳ የሳኒ ባጃጅ ካምፑ በር ላይ ቆመ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወረዱ። ጄኔሬተሩ በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ዘይቱ ተለውጧል፣ ስሟ ያለበት ቦታ ሳይቀር ተወልውሏል።

"ባለቤቴ ይፈቱልኝ ይሆን?" አሉ ቀስ ብለው።

"ሕግ ያውቃል፣ እማማ" አለች ሰዐዲያ፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። ሴትዮዋ በእግራቸው ቁልቁል ወረዱ።

ጄኔሬተሩ ገመዱ አንዴ እንደተሳበ ተነሳ። ውሃው መጣ። አራት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ደርሰው ሻንጣ ሲያወርዱ፣ ዐብዱኑር ዳቦ ሊያመጣ ከተማ ወርዶ ነበር፤ ጄኔሬተሩ መመለሱን ገና አላወቀም። ሰዐዲያ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ተመለሰ። ክሱን እስከ መጨረሻው እንደምትገፋበት ለራሷ ቃል ገባች።

አንዲት ፒካፕ መኪና ከእንግዶቹ አውቶቡስ ኋላ መጥታ ቆመች። የማታውቀው ሰው ወርዶ ዐብዱኑርን ጠየቃት። እንደሌለ፣ እሷ ባለቤቱ እንደሆነች ነገረችው። ሰውዬው በትህትና እጁን ደረቱ ላይ አደረገና የጄኔሬተሩ ድምፅ ወደሚሰማበት አቅጣጫ ፈገግ ብሎ ተመለከተ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘ ማለት ነው፤ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ና ጫነው ብሎ ቀጥሮኝ በባዶ ነው የተመለስኩት፤ ደግሞ ያን ጊዜ የሸጠልኝ ሁለቱ ድንኳኖች ምሰሶ ጎድሏቸዋል በይልኝ።"