የባላንጣ ቤት ውኃ

ዙበይዳ የብረቱን ብርጭቆ ውኃ ሞልታ ከእንግዳዋ ፊት አስቀመጠች፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም። ከመጋረጃው ጀርባ የታመመችው ቢጅሊ ታስላለች፤ የቤቱ ሌሎች ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ወላጆቻቸው «ወንዱ ልጃችን ሴት ሆነብን» ብለው ላባረሯቸው ለእነዚህ ሴቶች ሁሉ እናታቸው ዙበይዳ ነበረች። «ቢጅሊን ለኤችአይቪ ልመረምራት ነው የመጣሁት፣ እማማ» አለች ናርጊስ፣ የመርፌ ሳጥኗን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች። «በሽታዋ ካልታወቀ መድኃኒት አታገኝም።»

«ውይ፣ አዘንሽላት! ከሙሲ ወንዝ ማዶ ካለው ቤት አይደለሽ? ባለፈው አንዷን ልጄን በሻይ አባብላችሁ ወሰዳችሁብኝ። ዛሬ ደግሞ በመርፌ መጣችሁ?» አለች ዙበይዳ። «ልሰርቅ ብመጣማ ጤነኛዋን በመረጥኩ ነበር» አለች ናርጊስ። ሴቶቹ ሳቁ። ዙበይዳ አልሳቀችም። «እንግዲያው ጠጪ» አለችና እጇን አነሳች።

ሳቁ ቆመ። ሁለቱ ቤቶች ከተጣሉ ወዲህ አንዱ የሌላውን ውኃ አይቀምስም፤ የቀመሰች ከቤቷ ትባረራለች። ናርጊስ ብርጭቆውን ትክ ብላ አየችው። ከመጋረጃው ጀርባ የቢጅሊ ሳል እንደገና ተነሳ። ያኔ ብርጭቆውን አንስታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ዙበይዳ ብርጭቆውን ተቀብላ ባዶ መሆኑን ገልብጣ አረጋገጠች፤ ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ የራሷን ጣት ዘረጋች። «መጀመሪያ እኔን ውጊኝ፣ ልጄ አይታ እንዳትፈራ። እነዚያ ካባረሩሽ ደግሞ እዚህ ምንጣፍ አናጣልሽም።» ፊቷን አዙራ ጨመረች፦ «ሰረቁኝ ብለሽ እንዳታወሪ ብቻ።»