ሰዓት ጻፊው

ደብዳቤው ከጠዋት ጀምሮ በሲስተር ሰርክአዲስ ጋወን ኪስ ውስጥ ነበር። የሠራዊቱ የሕክምና ምስክር ወረቀት ስለማይበቃ በአገዳ እርሻው ክሊኒክ አብሯት የሚሠራው የቀድሞ ወታደር፣ አሥር አለቃው፣ ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ እንዳይነካ ይላል። ሦስት ጊዜ ተከራክራለች፤ የሰማት የለም። ልትሰጠው ስትነሳ በቆንጨራ የገዛ እግሩን የመታ ወጣት አገዳ ቆራጭ በሸክም መጣ። ደሙ ወለሉ ላይ ይወርድ ነበር። ደብዳቤውን ወደ ኪሷ መለሰችው።

አሥር አለቃው የሱሪውን ቀበቶ ፈትቶ ከልጁ ጉልበት በላይ ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ደሙ ሲቆም እስክሪብቶ አወጣና ግንባሩ ላይ «4፡10» ብሎ ጻፈ።

«ልጄን ደብተር አደረግኸው እንዴ?» አለች ተከትላ የመጣችው እናቱ እያለቀሰች።

«የአዳማው ሐኪም እግሩ መቼ እንደታሰረ ይወቅ ብዬ ነው፣ እናቴ፤ ቀበቶው ብዙ ከቆየ እግሩን ይጎዳዋል። ሲድን ይታጠባል።»

አምቡላንሱ ልጁን ይዞ እንደወጣ ሲስተር ደብዳቤውን ዘረጋችለት። ቆሞ አነበበው።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሲስተር? የት ልፈርም?»

በጣቷ አሳየችው። ፈረመና እንደ ልማዱ ከፊርማው ጎን ሰዓቱን ጻፈ። ጋወኑን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ወጣ፤ ቀበቶው ከልጁ ጋር ሄዷል።