መቀስቀሻው

ልጅቷ የፅንስን የልብ ምት የሚያሰማውን መሣሪያ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም ጻፈች። ባትሪ እንዳይጨርስ መሣሪያው ሥራ ሲፈታ ይተኛል፤ ሲፈለግ ፕሮግራሙ ይቀሰቅሰዋል።

አለቃዋ የመቀስቀሻውን ኮድ አይቶ ሳቀ። «የተኛ ነገር ራሱ ይነቃል! ይሄን ዝባዝንኬ አጥፊልኝ።»

«ኢንጂነር፣ ካልቀሰቀስነው አይነቃም እኮ...»

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ክርክር ነው?»

አጠፋችው።

በመሣሪያው ምረቃ ዕለት አለቃዋ ነፍሰ ጡር ሚስቱን አስተኝቶ የልጁን የልብ ምት ለእንግዶች አሰማ። ከዚያ መመርመሪያውን ከሆዷ ላይ አንሥቶ ስለ «ፈጠራዬ» ረጅም ንግግር አደረገ። ሲመልሰው ድምፅ የለም። ሚስቱ ጮኸች። እሱ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ልጄ ምን ሆነ? አንቺ፣ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!»

የተኛውን መሣሪያ ለማንቃት ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ይበቃ ነበር። ልጅቷ እጇን አጣጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ራሱ ይነቃል፣ ኢንጂነር» አለች።